ዝግጁ ቁሌት፦ ሽንኩርቱን ግዙ፣ በርበሬው ግን የቤት ይሁን

አንድ ኪሎ ደህና ቁሌት ማለት ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ 150 ግራም በርበሬ፣ አንድ ብርጭቆ ዘይት፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ በዚያ ላይ የሁለት ሰዓት ተኩል እሳት ማለት ነው። ሽንኩርት አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሁለት ኪሎው በስሎ ሲያልቅ ወደ 600 ግራም ይወርዳል፤ ቀሪውን በርበሬውና ዘይቱ ይሞሉታል። ባሕር ዳር ውስጥ በዓል ሲቃረብ በፕላስቲክ ዕቃ እየተሞላ የሚሸጠውን ዝግጁ ቁሌት ለመመዘን ከዚህ ሂሳብ የተሻለ መነሻ የለም። የሰሞኑን የሽንኩርት፣ የበርበሬና የዘይት ዋጋ ደምሩ። የተጠየቃችሁት ዋጋ ከድምሩ በታች ከሆነ ሻጯ እየከሰረች እንዳይመስላችሁ፤ ድስቱ ውስጥ ሌላ ነገር ገብቷል።

ያ ሌላ ነገር ብዙ ጊዜ የሽሮ ወይም የስንዴ ዱቄት፣ የተፈጨ ድንች፣ የቲማቲም ድልህ፣ ካልሆነም ዝም ብሎ ውሃ ነው። ዱቄትና ድንች ያወፍራሉ፣ ድልህ ቀለም ይሰጣል፣ ውሃ ደግሞ ሚዛን ይሞላል። ጤና ላይ የሚያመጡት ነገር ባይኖርም ወጡ ውስጥ ገብተው ይጋለጣሉ፦ ዱቄት ያለበት ቁሌት ዶሮው ሳይበስል ሥር ይይዛል፣ ድልህ ያለበት ይጎመዝዛል፣ ውሃ የበዛበት ደግሞ ቅቤውን ከላይ አንሳፍፎ ሥጋውን ሳይይዝ ይቀራል።

አቅራቢዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። በቤታቸው እየሠሩ በትእዛዝ የሚያስረክቡ እናቶች አሉ፤ ደንበኛ የሚያገኟቸው በሰው በሰው ነው፣ ትእዛዝ የሚቀበሉትም በስልክ። ዶሮ አርደውና ገንጥለው የሚሸጡ ቤቶች ደግሞ ቁሌቱን ከዶሮው ጋር አብረው ያቀርባሉ። ሦስተኛው ከሱፐርማርኬት ማቀዝቀዣ የሚወጣው የታሸገው ነው። በጣዕም ረገድ የመጀመሪያዎቹን የሚደርስባቸው የለም፤ ግን አቅማቸው የሁለት የሦስት ድስት ነው፣ ከዚያ በላይ ሲቀበሉ ሥራው ይላላል። ዶሮ ቤቶቹ ጋ የሚገኘው እንደ ዕለቱ ነው፤ ጠዋት የወሰደና ማታ የወሰደ አንድ ዓይነት ነገር አይደርሳቸውም። የታሸገው ሁልጊዜ ያው ነው፣ ያ ጥሩ ጎኑ ነው። ነገር ግን ዕድሜ እንዲኖረው ጨውና ዘይት ይበዛበታል፤ ለአዘቦት ምስር ወጥ እንጂ ለበዓል ዶሮ አይመከርም።

ሰው ለምን ይገዛዋል የሚለው ለጎጃም ቤተሰብ እንግዳ ጥያቄ አይደለም። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት የመላው ቤት ሥራ ነበር፤ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ልጅ ይልጣል፣ ጎረቤት ትከትፋለች፣ ድስቱ ማታ ይጣዳል፣ ባለቤቲቱ እስከ እኩለ ሌሊት ማማሰያ ይዛ ትቆማለች። አሁን ልጆቹ ዋዜማ ምሽት ላይ ከአዲስ አበባ በመኪና የሚገቡ ናቸው፣ ባለቤቲቱም እስከ ዋዜማ ቢሮ ትውላለች፣ ኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ የተጣደው ደግሞ መብራት ጠፍቶ መሃል ላይ ይቀራል። ገበታው ላይ የሚቀርበው ያው ነው። ሥራው ግን ተከፋፍሏል፦ በርበሬውና ቅቤው ከገጠር ከእናት፣ ዶሮው ከአራጅ፣ ድፎ ዳቦው ከዳቦ ቤት ምድጃ፣ ሽንኩርቱ ከባለሙያ። ከእነዚህ ሁሉ ወደ ውጭ ቢወጣ ብዙ የማይጎዳው ሽንኩርቱ ነው፤ ጊዜ የሚበላውም እሱ ነው። የቤቱ እጅ የሚታወቀው በበርበሬው፣ በቅቤውና በመከለሻው ነው። ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው፦ በርበሬ ያልገባበትን፣ ሽንኩርቱ ብቻ በዘይት የተቁላላውን እዘዙ። ብዙዎቹ ባለሙያዎች ከጠየቃችኋቸው ይሠሩላችኋል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። አንዳንዶቹም «የራሳችሁን በርበሬ አምጡ» ይላሉ፤ እንዲህ የምትል ሴት ካገኛችሁ ስልኳን ያዙ።

ለጾሙም ይህ ዓይነቱ ይመቻል። የገናና የፋሲካ ዋዜማ የጾም ቀን ነው፤ ቅቤ የገባበትን ድስት የምታበስል ሴት መቅመስ አትችልም፣ ጨውን በማሽተትና በልማድ ነው የምትገምተው። በዘይት ብቻ የተሠራው ቁሌት ግን ሰዓቱ ሲደርስ ይቀመሳል፤ ጨውና በርበሬው እዚያው ይስተካከላል፣ ቅቤና ዶሮ በመጨረሻ ይገባሉ። እንቁጣጣሽና መስቀል ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ሲውሉም እንዲሁ ነው። ገናና ጥምቀት በእነዚህ ቀናት ቢውሉ ጾሙ ይነሳል፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናትም አይጾምም፤ እንቁጣጣሽና መስቀል ግን እንዲህ ያለ መብት የላቸውም። የ2019 እንቁጣጣሽ ዓርብ ነው። ያን ቀን ከድስቱ ግማሹን ለድንች ወይም ለምስር ታደርጉና ዶሮውን ለቅዳሜ ታቆያላችሁ። ባሕር ዳር ስለሆነ የጣና ቆሮሶም አለ፤ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ግን የየቤቱና የየንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው።

ስትገዙ ክዳኑን አስከፍቱ። ከላይ ስስና ጥርት ያለ፣ በርበሬ ከገባበት ደግሞ ቀይ ዘይት መታየት አለበት፤ ዘይቱ ወደ ላይ ያልወጣ ቁሌት ገና አልበሰለም፣ ወይም ዱቄት ይዞታል። ማንኪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኪዱበት። በደንብ የተቁላላው ማንኪያው የሄደበትን መንገድ ለአፍታ ክፍት ትቶ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይከደናል፤ ውሃ የበዛበት ወዲያው ይገጥማል፣ ዱቄት ያለበት ደግሞ እንደ ገንፎ ተሰንጥቆ ይቀራል። ትንሽ አንሥታችሁ በምላስና በላንቃ መሃል እሹት። የሽንኩርት ቅርፊት መሳይ ነገር ካገኛችሁ፣ ወይም ጥርስ ሥር «ቅጭ» ካለ፣ እሳቱ ተጣድፏል። ሽታው ጣፋጭ፣ ትንሽ ቅመም ያለው መሆን አለበት፤ ጉሮሮ የሚይዝና የሚያስል ሽታ የጥሬ በርበሬ ነው። ከተጠራጠራችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ በብርጭቆ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምሩበት። ንጹሑ ዘይቱን ከላይ፣ ሽንኩርቱን ከታች አድርጎ ይለያያል፤ ዱቄት ያለበት ውሃውን እንደ አጥሚት ያደርገዋል።

ሽንኩርቱ በቢላ ነው የተከተፈው ወይስ በማሽን? ይህን ጠይቁ፤ «እትዬ፣ ከተፋው በእጅ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በማሽን መክተፍ በራሱ ችግር የለበትም፣ ሩዝ አክሎ እስከ ወጣ ድረስ። ችግሩ በጁስ መፍጫ ሲፈጭ ነው። የተፈጨ ሽንኩርት ውሃውን በአንዴ ይለቅና ድስት ውስጥ መቁላላቱ ቀርቶ ይቀቀላል፤ ቀለሙ ወደ ግራጫ ይሄዳል፣ ጣዕሙ ይመራል፣ ያ ምሬት ደግሞ በበርበሬም በቅቤም አይሸፈንም። ሽንኩርቱ በመጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ያለ ውሃ፣ በራሱ ላብ መቁላላት አለበት፤ ለሁለት ኪሎ ይህ ብቻውን ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ዘይት የሚገባው ውሃው ደርቆ ሽንኩርቱ የድስቱን ሥር መያዝ ሲጀምር ነው። ከዚያ በፊት ዘይት ያፈሰሰች ሴት እሳት ቆጥባለች፣ ቁሌቱ ግን ከጥሬው አልራቀም።

ዝግጁ ቁሌት እንደ በዓሉ ይለያያል፤ ምክንያቱ ሽንኩርቱ ነው። በእንቁጣጣሽ ሰሞን ገበያ ላይ የሚገኘው ክረምቱን ያሳለፈ ነው፦ እርጥበት ያለው፣ አንዳንዱ መሃሉ የበቀለ፣ ዋጋውም የሚወደድ። ያን ጊዜ ሁለት ኪሎው 600 ግራም አይሞላም፤ ስለዚህ የመስከረም ቁሌት ከሌላው ጊዜ ተወዶ ቢጠየቅ ሻጭ አትውቀሱ። በዋጋ መወደድ የተነሣ ድንችና ዱቄት የሚበዛበትም ይኸው በዓል ነው፤ ምርመራችሁን ያን ጊዜ አጥብቁ። ለፋሲካ ነገሩ ይገለበጣል። ከመራዊ አጠገብ ካለው የቆጋ መስኖና ከሌሎች የመስኖ ማሳዎች የበጋው ሽንኩርት በመጋቢትና በሚያዝያ ይወጣል፤ ገበያው ይጠግባል፣ ዋጋው ይወርዳል። ያን ጊዜ የሚያሳስበው ከማሳ በቀጥታ መጥቶ ሳይጠወልግ የተሸጠው ነው። አንገቱ ደርቆ ያልተዘጋ ሽንኩርት ውሃው ብዙ ነው፤ ባለሙያ ገዝታ አራት አምስት ቀን ነፋስ ላይ ትዘረጋዋለች። በቤታቸው የሚሠሩት ይህን ያውቃሉ። በዋዜማው ገዝቶ በዋዜማው የሚያበስል ቤት ግን ይህን ሊያደርግ አይችልም። ትንንሹን የአበሻ ሽንኩርት የምትጠቀም ባለሙያ ካገኛችሁ ተጨማሪ መክፈል ተገቢ ነው፤ ልጣጩ ያሰለቻል እንጂ ውሃው ያነሰ፣ ጣፋጭነቱ የበዛ ነው።

በርበሬውም ወቅት አለው። ቡሬ፣ ወንበርማና ፍኖተ ሰላም አካባቢ የሚመረተው ከክረምቱ በኋላ ተለቅሞ ይደርቃል፤ ከጥር በኋላ የሚደለዘው አዲስ ነው። ለፋሲካ ወጥ ቀለም የሚያምረው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። እንቁጣጣሽ ላይ ያለው በርበሬ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ነው፤ ደህና ተከድኖ፣ ከብርሃን ርቆ ካልተቀመጠ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ሽታው ይሞታል። ከሻጭ በገዛችሁት ቁሌት ውስጥ ያለው በርበሬ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አትችሉም። መሬት ላይ ተሰጥቶ የሻገተ ይሁን፣ ከሸክላ ዱቄት ጋር የተፈጨ ይሁን፣ ከተቁላላ በኋላ ሁሉም ቀይ ነው። ጥሬው በእጃችሁ ካለ ግን አንድ ቁንጥጫ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ ታዩታላችሁ፦ አፈር ወይም ሸክላ ካለበት እንደ ደለል ሥር ይቀመጣል፣ በጣት ሲታሽም ይኮረኩራል፤ ቀለም የተነከረ ከሆነ ውሃውን ወዲያው ያቀላዋል። በርበሬው የቤት ይሁን የምንለው ለዚህ ነው።

በርበሬ ያልገባበትን ገዝታችሁ ቤት ስትጨርሱት አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ኪሎ ሽንኩርት የወጣውን ቁሌት፣ ማለትም ዘይቱን ጨምሮ ወደ 800 ግራም የሚሆነውን፣ ሥሩ ወፍራም በሆነ ሰፊ ድስት ላይ በለስላሳ እሳት አሙቁት፤ ከማቀዝቀዣ ከወጣ 15 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። 150 ግራም በርበሬ፣ ማለትም አንድ ተኩል የሻይ ብርጭቆ ገደማ፣ በትንሽ ለብ ያለ ውሃ ለውሳችሁ ጨምሩ። ደረቁን በርበሬ ትኩስ ዘይት ላይ መበተን ነው ብዙውን ጊዜ የሚያሳርረው። ከዚያ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይቁላላ። ሥር መያዝ በጀመረ ቁጥር አንድ ስኒ የፈላ ውሃ ጨምሩ፣ በማማሰያ ሥሩን ፋቁ፣ እንዲደርቅ ጠብቁ፣ እንደገና ጨምሩ። ውሃውን በአንዴ ማፍሰስ አይሆንም፤ ቀዝቃዛ ውሃም አይሆንም፣ መቁላላቱን ያቋርጠዋል። በ20ኛው ደቂቃ አካባቢ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ግማሹን ያህል ዝንጅብል ይገባል። ጉሮሮ የሚይዘው ሽታ ጠፍቶ ዘይቱ በድስቱ ዳር ዳር ሲፈልቅ በርበሬው በስሏል። ካረረባችሁ አትፋቁት። ሥሩን ሳትነኩ ከላይ ያለውን ወደ ሌላ ድስት ገልብጡና ቀጥሉ፤ የተፋቀ አንድ ማንኪያ ፍርፋሪ ድስቱን ሙሉ መራራ ያደርገዋል።

ቅቤው ከዚህ በኋላ ነው፦ ለአንድ ዶሮ ከ250 እስከ 300 ግራም ንጥር ቅቤ፣ 15 ደቂቃ አብሮ ይፍላ። መስከረም ላይ ሣሩ ስለሚበዛ ቅቤ በገበያው ይበዛል፣ ቀለሙም ቢጫ ነው፤ የዓመቱን ንጥር የሚያስቀምጥ ቤት ያን ጊዜ ነው የሚገዛው። ለጋው ሲነጠር አንድ አምስተኛ ያህሉ ውሃና አንጓላ ሆኖ እንደሚጠፋ አስቡና ግዙ። ኮሰረት፣ ኮረሪማና አብሽ ለንጥሩ በቂ ናቸው፤ እርድ ቀለም ነው፣ በደህና የመስከረም ቅቤ ላይ አያስፈልግም። «በቅቤ የተሠራ» ተብሎ የሚሸጠውን ዝግጁ ቁሌት ግን ተዉት። ለምን ያህል ቅቤ እንደምትከፍሉ አታውቁም፣ ቅቤውም የማን እንደሆነ አታውቁም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥም ቶሎ ይሸታል።

ዶሮውን አርደው ገንጥለው የሚያስረክቡት ቤቶች ሥራቸው ደህና ነው፤ ግን ቤት ሲደርስ እንደገና መታየት አለበት። ላባው በጣም የፈላ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ቆዳው በስሎ ይቀደዳል፤ ተቀዶ የመጣ ቆዳ ይህን ይነግራችኋል። ቀሪው ጠጉር በእሳት መለብለብ አለበት፣ በቢላ መፋቅ አይበቃም። አረንጓዴ ነገር የነካው ሥጋ ካያችሁ ሐሞት ፈንድቷል፤ ያን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ውሃ አያጸዳውም። በአስራ ሁለት ብልት ገንጥሉልን ብላችሁ ካላዘዛችሁ በመጥረቢያ ነው የሚቆርጡት፦ አጥንቱ ይሰባበራል፣ ስንጣሪው ወጡ ውስጥ ይቀራል፣ ፈረሰኛው ለሁለት ተከፍሎ ይመጣል። ፈረሰኛ የሚጠብቅ ሽማግሌ ቤታችሁ ካለ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሥጋው በጨውና በሎሚ ይታጠብ፣ ውሃው እስኪጠራ ይለቅለቅ፣ ሎሚው ውስጥ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ላዩ ይነጣና ይጠነክራል፣ ቁሌቱም ዘልቆ አይገባውም።

የማብሰያው ጊዜ እንደ ዶሮውና እንደ አገሩ ነው። የአበሻ ዶሮ፣ በተለይ እንቁላል የጣለች እናት ዶሮ፣ ባሕር ዳር ላይ ከአንድ ሰዓት ሩብ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ትፈልጋለች። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ዳር በ600 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ውሃ እዚያ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እንጅባራም እንዲሁ ነው። እዚያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጨምሩ። የፈረንጅ ዶሮ 40 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ሥጋው ከአጥንቱ ይለያል። ሳሶ የሚባለው የዶሮ ዝርያ መሃል ላይ ነው። እግሩንና ጭኑን አስቀድሙ፣ ፈረሰኛውንና ክንፉን ከ20 ደቂቃ በኋላ አስከትሉ። ውሃ ሲያንስ ትኩስ በግማሽ ብርጭቆ፤ ዶሮው ራሱም ውሃ ስለሚለቅ መጀመሪያ ላይ አትቸኩሉ። ጨው፣ ቁሌቱ ጨው ያልገባበት ከሆነ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው፤ ገብቶበት እንደሆነ ሻጯን ሳትጠይቁ አንድ ቁንጥጫ እንኳ እንዳትጨምሩ። መከለሻው አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ሊወጣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው። የተቀቀለው እንቁላል ጎን ጎኑ በቢላ ጫፍ ተጫጭሮ መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ቀድሞ ከገባ አስኳሉ ይደርቃል። እንደ ቤተሰቡ ብዛት ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ይሆናል።

ፋሲካ ሌሊት ለሚፈታ ሆድ ይህ ወጥ ከባድ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ቅባት ያልነካው ሰው መጀመሪያ ተልባ ቢጠጣ፣ ከዚያ ከእንቁላሉና ከመረቁ ቢጀምር ይሻለዋል። ዝግጁ ቁሌት ላይ ዘይት የሚያበዙት ሻጮች ጉዳት እዚህ ነው የሚታየው። አንድ ኪሎ ላይ ከአንድ ብርጭቆ ዘይት በላይ ካለ ቅቤው ሲታከልበት ወጡ ይዋኛል። ወደ ቤት እንደገባ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድራችሁ ከላይ የሰፈፈውን ዘይት በማንኪያ ግፈፉ፤ ለአዘቦት ወጥ ይሆናል፣ አይጣልም።

በእንቁጣጣሽ ደግሞ ገበታው ራሱ ቀለል ብሏል። በሜጫ በኩል የሚመጣው እሸት በቆሎ ገበያውን የሚሞላበት ጊዜ ነው፤ ብዙ ቤት ቡናውን በተጠበሰ እሸት ያስኬዳል፣ ዶሮው አንድ ድስት ብቻ ይሆናል። ሁለት ኪሎ ቁሌት ማዘዝ ያን ጊዜ ብክነት ነው። ለገናና ለፋሲካ ግን ቅርጫም አለ፣ እንግዳም አለ። ከአንድ ዶሮ ቁሌት ላይ ግማሽ ኪሎ ጨምራችሁ እዘዙ፤ በማግስቱ ለቀይ ወጥ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ለምንቸት አብሽ ይሆናችኋል።

ትእዛዙን ከበዓሉ አሥር ቀን በፊት ስጡ፣ የምትረከቡት ግን ከሦስት ቀን በፊት ይሁን። በዋዜማው የሚወጣ ቁሌት የባለሙያዋ የመጨረሻ ድስት ነው፤ እጇም እሳቱም የደከመበት። በጣሳ ወይም በሊትር የምትሰፍር ከሆነ በሚዛን አስመዝኑ። በባጃጅ ስታስልኩ ዕቃው ሙሉ በሙሉ የቀዘቀዘ መሆኑን አረጋግጡ። ትኩሱን ሞልቶ መክደን ትልቁ ጥፋት ነው፦ ክዳኑ ያልበዋል፣ ላቡ ተመልሶ ይንጠባጠባል፣ በባሕር ዳር ሙቀት በማግስቱ ይኮመጥጣል። ክዳኑ ተነፍቶ የመጣ ዕቃ ሳትቀምሱት ይመለስ።

ቤት ከገባ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ አምስት ቀን ይቆያል። በረዶ ቤት ውስጥ እስከ ሁለት ወር ጣዕሙን አይለቅም፤ በግማሽ ኪሎ በግማሽ ኪሎ አድርጋችሁ፣ በላስቲክ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ቶሎ ይረጋል፣ ቶሎም ይሟሟል። መብራት ጠፍቶ ከሟሟ መልሳችሁ አታስረጉት። ገና ቀዝቃዛ ከሆነ በዚያው ቀን አፍልታችሁ አብስሉበት፤ ሞቆ ካደረ ግን ሽታው ደህና ቢመስልም ይደፋ።